ጃፓናዊው የሠራው ጨለማ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ነው የሚሰማው። ኦስማኒን ግን ይህ አባባል አልነካውም። ወራት ሙሉ ስለ እሱ የሚባለውን ሁሉ ከተናጋሪዎቹ መሀል ቁጭ ብሎ፣ የተጠበሰ ሙዝ እየቆረጠመ ሲሰማ ከረመ። የሚያወሩት ስለ እሱ መሆኑን ከራሱና ከእናቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ይኼ ታኬዳ የምትሉት ሰውዬ ዝም ብሎ ሰው አይደለም» ይላል ራይዴል። ራይዴል በላ ቪቦራ ሰፈር የተመሰከረለት የጠፈር አብራሪ ነው፤ በኮምፒውተር ማለቴ ነው እንጂ በብስክሌትስ ከአንድ መንገድ ወደ ሌላው ሳይወድቅ አይደርስም። «ጃፓኖች እንዲህ ናቸው። ላይ ላዩን ጦርነት ይሰጡሃል፣ ከሥሩ ጥበብ ይቀብራሉ። የገባው ይገባዋል።»

ኦስማኒ ሙዙን ይውጣል። ታኬዳ እሱ ነው። ጃፓንን በካርታ ላይ አሳይ ቢባል ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የላቸውም።

በዚህ ስም ያወጣው የኮምፒውተር ጌም «የሳተርን ተርቦች» ይባላል። ተጫዋቹ ተርብ የምትባል ትንሽ ተዋጊ መንኮራኩር ውስጥ ተቀምጦ በሳተርን ቀለበቶች መሀል ከቀዩ ጓድ ጋር ይታኮሳል። እስከዚህ ድረስ ዓለም ከሚያውቀው የጠፈር ጌም አይለይም። የሚለየው በየውጊያው መሀል አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ድርግም ማለቱ ነው። የመንኮራኩሩ መብራት፣ ራዳሩ፣ ፀሐይ ሳትቀር ትጠፋለች። ጠላትም ወዳጅም በጨለማው ውስጥ ኮሽታ ሳያሰማ ይንሳፈፋል። ከዚያ መብራቱ ቦግ ይላል፤ ማን ከማን ጀርባ እንደ ቆመ የሚታየው ያኔ ነው፣ ከፊት የተገኘ አለቀለት።

ኦስማኒ ይህን ሲሠራ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ቀን ቀን በዋናው መንገድ ዳር፣ በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ስልክ ይጠግናል። ሲመሽ ከሁለት የሞቱ ኮምፒውተሮች አንድ ሕያው አውጥቶ በገጣጠመው ማሽን ላይ ተደፍቶ፣ አጠገቡ ቬንትሌተር እያጓራ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሠራውን ግማሽ እያጣ ቀጠለ። ጨለማውን ጌሙ ውስጥ ያስገባውም አንድ ቀን እንዲህ በሽቆ ነው። እኔ ላይ የሚደርሰው ለምን ጠፈርተኛ ላይ አይደርስም ብሎ።

ታዲያ ስሙን ለምን ደበቀ? ከዚያ በፊት አንድ የዶሚኖ ጌም ሠርቶ ነበር፣ በገዛ ስሙ። የሰፈሩ ሰው አየለት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «ለእኛ ልጅ አይከፋም» አለው። ሁሉም፣ የተማከሩ ይመስል፣ ያችኑ ቃል። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ዳግመኛ አልከፈተውም። ኦስማኒ ነቢይ በአገሩ አይከበርም ብሎ ራሱን አጽናና። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዶሚኖው አይረባም ነበር፤ የማይረባ ዶሚኖ የሠራ ሁሉ ራሱን ነቢይ ካለ ደግሞ አገር በነቢይ ይጥለቀለቃል። እሱን ያንገበገበው ግን አይረባም አለመባሉ ነው። ቢሰድቡት ያውቀው ነበር፤ አዘኑለት።

ስለዚህ ተርቦቹን ሲጨርስ ሌላ ዘዴ ፈለገ። በየሳምንቱ አዳዲስ ፊልምና ጌም በሃርድ ዲስክ ጭኖ ከቤት ቤት የሚያዞረው ሰውዬ ደንበኛው ነበርና፣ ስልኩን ጠግኖለት ሲያበቃ ዲስኩን ተዋሰው። «ከጃፓን አዲስ የገባ» የሚለው ዶሴ ውስጥ ጌሙን አስገባ። ሠሪው ላይ «ታኬዳ» ብሎ ጻፈ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ የአንድ ቬንትሌተር ስም ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያማ ጉድ ሆነ። የሰፈሩ ወጣት በገዛ እጁ ከሰገነት ሰገነት ገመድ ጎትቶ የዘረጋው ኔትዎርክ አለ፤ በኔትዎርኩ ላይም ሁሉም የልቡን የሚጽፍበት የውይይት ገጽ አለ። ገጹ በታኬዳ ተሞላ። አንዱ ተርቧ ስትታጠፍ ትንሸራተታለች፣ ዝናብ ላይ የነዱት አሮጌ አውቶቡስ ናት ብሎ ጻፈ። ሌላው የሚንሸራተተው ያንተ እጅ ነው ብሎ መለሰለት። ጡረታ የወጡት የፊዚክስ አስተማሪ መምህር ኤቬሊዮ ገብተው፣ አየር በሌለበት ቦታ የፍንዳታ ድምፅ አይሰማም፣ ይህ ነውር ነው፤ መንሸራተቱ ግን ልክ ነው፣ ሰውዬው ኒውተንን ጠንቅቆ አንብቧል ብለው ፈረዱ። ኦስማኒ ኒውተንን አላነበበም። መንሸራተቱ ሊያስተካክለው ሲታገል ከርሞ ያቃተው ስህተት ነው።

ራይዴል ደግሞ ከሁሉም ባሰ። የቀዩ ጓድ አዛዥ በስክሪን ብቅ ብሎ የሚፎክር፣ አፍንጫው የተንጠለጠለ፣ ቅንድቡ የተገጣጠመ ሰው ነው፤ ራይዴል ይህ የጃፓኖች የተራራ ጋኔን ነው ብሎ አስተማረ። ጨለማው ደግሞ ነፍስ ራሷን የምትጠይቅበት ሰዓት ነው አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ኦስማኒ ማታ ማታ ያንን ሁሉ እያነበበ ብቻውን ይስቃል። ማንም እያዘነለት አልነበረም። ይሰድቡታል፣ ያወድሱታል፣ ይከራከሩበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ይጫወቱታል።

በዚህ መሀል ነው ማይሌኒስ የተነሳችው።

ማይሌኒስ የጥርስ ሐኪም ናት። የሰፈሩ ኔትዎርክ እናት ሰርቨር፣ ጌሙ ሁሉ የተከማቸበት ዋናው ኮምፒውተር፣ የተቀመጠው በእሷ ቤት ስለሆነ የሁሉም አለቃ እሷ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ጥርስ በማደንዘዣ ትነቅላለች፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሰገነቷ ላይ ያለ ማደንዘዣ ትነቅላለች። ይኼኛው ሥራ «ገፈፋ» ይባላል። አንድ ጌም መሀል ይቀመጥና ሁሉም በየተራ ቆዳውን ይገፈዋል። ፖለቲካ ማንሳት፣ ሃይማኖት ማንሳት፣ የሰው እናት ማንሳት ክልክል ነው፤ ይህን ያፈረሰ ገመዱ ይነቀልበታል። ከዚያ ውጪ ማንኛውም ስድብ ይፈቀዳል። መጨረሻ ላይ ጌሙ ይቆይ ወይስ ይውጣ ተብሎ እጅ ይወጣል። ሰርቨሩ እስከ አንገቱ ሞልቷልና አዲስ እንዲገባ አሮጌ መውጣት አለበት።

ሰኞ ዕለት ገጹ ላይ ጻፈች፦ «የፊታችን ቅዳሜ የሳተርን ተርቦች። ቢላችሁን ሳሉ። እኔ እንዲወጣ ነው የምፈልገው።»

ኦስማኒ ይህን ሲያነብ የሰው ስልክ በእጁ ይዞ ነበር፤ ክዳኑን ገልብጦ ገጠመው። ከእሷ ሰርቨር የወጣ ጌም መሄጃ የለውም። ፊልም አዟሪው ሰውዬ ዲስኩን በየሳምንቱ እያጠፋ ነው የሚሞላው፣ ተርቦቹ ከዚያ ከተደመሰሱ ቆይተዋል። ቅዳሜ ከወጡ ሞቱ ማለት ነው፤ ሦስት ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

ማታ ለእናቱ ለዞይላ ነገራት። ሩዝ እየለቀመች ነበር፣ ቀና አላለችም።

«ታዲያ ያንተ መሆኑን ንገራቸው» አለችው።

«ብነግራቸው ያዝኑልኛላ።»

«ቢያዝኑልህስ? ያዘነ ሰው አያባርርም።»

«እማዬ፣ እንዲያዝኑልኝ አይደለም የምፈልገው። እንዲጫወቱት ነው።»

ዞይላ አንድ ጠጠር ከሩዙ አወጣችና አየችው። አባትህም እንዲሁ ነበር፣ ምግብ ጣፋጭ ነው ሲሉት ይኮራል፣ በላንልህ ሲሉት ይቀየማል አለችው። ምን ለማለት እንደ ፈለገች ለኦስማኒ አልገባውም፤ ለእሷም የገባት አይመስልም።

ቅዳሜ ደረሰ። የማይሌኒስ ሰገነት ላይ ከውሃው ታንከር ጥላ ሥር ወንበር ያገኘ ተቀምጧል፣ ያላገኘ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ስክሪኑ ፀሐይ እንዳይመታው አንሶላ ተወጥሮለታል። ኦስማኒ ከኋላ፣ አንሶላዎች ከተሰጡበት ገመድ ሥር ቦታ ያዘ። የራሱን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ይመስል ነበር፤ ግን ሙዙን አልረሳም።

ገፈፋው ተጀመረ። መጀመሪያ ሁሌም ትንንሾቹ ናቸው የሚናገሩት። አንዱ የሚሳኤሉ ጭስ ጥጥ ይመስላል አለ፣ ሌላው የመግቢያው ሙዚቃ ጥርሱን እንደሚያሳክከው ተናገረ፤ ማይሌኒስ ነገ ሳይሆን ሰኞ ክሊኒክ ና አለችው። መምህር ኤቬሊዮ ስለ ድምፅና ስለ አየር የሚያውቁትን ሁሉ እንደ ገና ከመጀመሪያው ተነተኑ። ኦስማኒ ይህን ሁሉ ቻለ። እንዲያውም አንዳንዱን በልቡ መዘገበው፤ የጥጡ ነገር እውነት ነበር።

ከዚያ ማይሌኒስ ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ከተርቧ መሣሪያ፣ ከሌዘሩ ጀመረች፦ ሲተኮስ የሚሰማው ድምፅ የጦር መሣሪያ ሳይሆን የተራበ ጫጩት ነው፣ ጠላት የሚሞተው ተመትቶ ሳይሆን አዝኖ ነው አለች። ሰው ሳቀ። ኦስማኒም አብሮ ሳቀ። ቀጥላ ወደ ጨለማው ሄደች።

ራይዴል አላስቻለውም፣ ተነሳ። «ማይሌ፣ ጨለማውን ተዪው። እሱ ላንቺ አይገባሽም፣ የመንፈስ ነገር ነው።»

«ሃይማኖት ክልክል ነው፣ ቁጭ በል» አለችው። «እኔ የምላችሁ፣ ይኼ ሰውዬ በሕይወቱ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶበት አያውቅም። ጨለማን እንደ ጌጥ የሚያንጠለጥለው ያላየው ሰው ነው። ቤቴ ድረስ በነጻ የሚመጣልኝን ነገር ጌም ውስጥ ገብቼ ምን ልፈልግ?»

ሰገነቱ በሳቅ ተናወጠ። በዚህች ምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ መብራት ጠፍቶበት አያውቅም የተባለው ኦስማኒ ነው። ዝም አይነቅዝም አለ በልቡ። ልቡ ግን እየነቀዘ ነበር።

«ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ» አለች ማይሌኒስ፣ «እሱ ሐፍረት ነው። ጠላቶቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው መጥተው ይሞታሉ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ይመስላሉ። እዚያ ላይ ሰውዬው ደክሞታል። ሰንፏል። ማንም አያየኝም ብሎ ነው የሠራው።»

«አልሰነፍኩም!» አለ ኦስማኒ ከአንሶላዎቹ ሥር። «የዴንጌ ትኩሳት ይዞኝ ነበር!»

ኦስማኒ ቃሉን ወደ አፉ ሊመልሰው የፈለገ ይመስል የቀረችውን ሙዝ ጎረሰ። ራይዴል ዘወር አለ፣ አንዴ እሱን አንዴ ስክሪኑን አየ። መምህር ኤቬሊዮ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ የቀዩ ጓድ አዛዥ በፉከራ ላይ እንዳለ ቆሞ ነበር። አፍንጫውን አዩ፣ ቅንድቡን አዩ።

«ይኼ ፀጉር አስተካካዩ ራሚሮ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ራሚሮ ነበር። የኦስማኒ አጎት፣ የዞይላ ወንድም፣ ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ። እዚያ ሰገነት ላይ የተቀመጠው ሁሉ ለወራት ራሚሮን በቀን ሃያ ጊዜ በሚሳኤል ሲያጋየው ቆይቶ፣ በየጊዜው ሄዶ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ አንገቱን ለምላጩ ሲሰጠው ኖሯል። ጃፓናዊ ነው ስለተባለ አንድም ሰው አልለየውም። ራይዴል ባለፈው ማክሰኞ ፀጉሩን የተቆረጠው በተራራው ጋኔን ነበር።

ለጥቂት ጊዜ ሰው በሳቅ ሞተ። ኦስማኒ ቢቸግረው ከመነሻው እስከ መድረሻው ነገራቸው፣ ዶሚኖውንም ዲስኩንም ቬንትሌተሩንም። ሲጨርስ የሆነው ነገር ከፈራው ሁሉ የከፋ ነበር። ማንም አልተቆጣም። ፊታቸው ሁሉ ለስልሶ፣ አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻውን መምታት ጀመሩ።

የሚሳኤሉን ጭስ ጥጥ ያለው ልጅ፣ ጥጥም ቢሆን ጥሩ ጥጥ ነው አለ። ጥርሱን ያሳከከው ሙዚቃውን ለመደው። መምህር ኤቬሊዮ አቀፉትና መንሸራተቱን ማስተካከል አቅቶህ ነው አይደል የኔ ልጅ፣ አይዞህ፣ በዚያ ማሽን ከዚህ በላይ ማን ይሠራል አሉት። ትናንት ኒውተን የነበረው ዛሬ የድሀ ልጅ ስህተት ሆነ። ራይዴል ብቻ እንዳኮረፈ ልጅ ቆሞ ቆየ፤ ያ ሁሉ ስብከቱ ራሚሮ ላይ መዋሉ አንገብግቦት ነበር። በመጨረሻ እሱም መጣ።

«እኔማ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «የሆነ ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር ይሸት ነበር። ግን ወንድሜ፣ ለእኛ ልጅ ይኼ ተአምር ነው። በእውነት።»

ኦስማኒ ክው አለ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረበት፣ አለም። እንባው ግን ዓይኑ ሥር መጥቶ ነበር፤ የደስታ የመሰላቸው ይበልጥ አቀፉት። አንድ ሰው ከጀርባ ሆኖ፣ ገፈፋው ይቅርና እጅ እናውጣ፣ የወንድማችን ጌም ይቆይለት አለ፤ እጆች ተነሡ፣ ገና ሳይቆጠር ሁሉም ማለት ይቻላል ተነሡ። የሞት ፍርዱ በምሕረት ተሻረ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ታኬዳ ሆኖ ከኖረ በኋላ ግን ምሕረት ምን ያደርግለታል?

«እጃችሁን አውርዱ፣ አልጨረስኩም» አለች ማይሌኒስ።

እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም፣ ትከሻውንም አልነካችም። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነበር የምታየው፤ ጥርስ ሊነቀል የመጣን ሰው የምታየው እንዲሁ ነው።

«ዴንጌው መቼ ለቀቀህ?» አለችው።

«አምና። በክረምቱ።»

«ከአምና ወዲህ ታዲያ ሦስተኛውን ደረጃ ለምን አላስተካከልከውም?»

ሰው ተንጫጫ። ራይዴል እባክሽ ማይሌ፣ ልጁ እኮ የእኛው ነው አላት። ኦስማኒ ግን ጎኑ ላይ የሆነ ነገር ቀለል ሲለው ተሰማው።

«ሰንፌ» አለ።

«እንዲያ በል። አሁን ደግሞ ጨለማው። ጃፓናዊ መስሎኝ ነበር ይቅር ያልኩት፤ አለማወቅ ነው ብዬ። አንተ ግን እዚሁ ነው የኖርከው። እስቲ ንገረኝ፣ መብራት ሲጠፋ እናንተ ቤት ዝም ይባላል?»

ኦስማኒ አሰበ። እናቱን አሰበ፣ ጎረቤት የሚሰበሰብበትን የፎቁን ደረጃ አሰበ።

«አይባልም።»

«የትኛው ቤት ነው ዝም የሚባለው? ሰው በየበረንዳው ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ጣቱን ከበር ጋር ያጋጫል፣ ከፎቅ ፎቅ ያወራል። ያኮረፈ ጎረቤት እንኳ ያኔ ይነጋገራል። ያንተ ጨለማ መቃብር ነው። እዚያ ውስጥ ሰው የለም። መብራት የሚጠፋብህ ሰው ሆነህ መብራት የማይጠፋበትን ሰው ጨለማ ሠራህ። ለምን?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ ራሱም ጭምር። ለምን እንደሆነ ግን ወዲያው አወቀው። ጨለማው መጀመሪያ የገባ ቀን ድምፅ ነበረው፤ ከመንገድ የቀዳው ጫጫታ ነበር። አጠፋው። የውጭ ጌም እንዲህ አይንጫጫም ብሎ፣ የሰፈር ነገር ይሸታል ብሎ አጠፋው። ስሙን ከመደበቁ በፊት የደበቀው ያንን ነበር።

«አፍሬ ነው» አለ።

ማይሌኒስ ራሷን ነቀነቀች፤ የበሰበሰውን ጥርስ ያገኘች ሐኪም ደስ እንደሚላት ደስ ብሏታል። «ለታኬዳ የምለው ምንም የለኝም፤ እሱ ሩቅ ነው። ላንተ ግን እላለሁ፤ ይኼ ጌም እንደዚህ ሆኖ ሰርቨሬ ላይ መቆየት የለበትም። ይውጣ የምትሉ እጅ አውጡ።»

የራሷን እጅ አወጣች። የሌላ ሰው እጅ አልተነሳም፤ ሰው ክፉ ናት በሚል ዓይን ያያት ነበር። ራይዴል ቀስ ብሎ የኦስማኒን ክንድ ያዝ አደረገ፣ እንዲያጽናናው መሰለኝ። ኦስማኒ ክንዱን አስለቀቀና እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ሁለት እጅ። በሰገነቱ ሕግ ተርቦቹ በብዙ ድምፅ ቆዩ፤ ነገር ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ባለቤቱ ራሱ ከሰርቨሩ አወረዳቸው። ራይዴል አብደሃል አለው፣ መምህር ኤቬሊዮ ወጣት ሲያድግ እንዲህ ያደርገዋል አሉ። ዞይላ በሩ ላይ ቆማ ተዉልህ ወይስ አወጡብህ ብትለው፣ እነሱ ተዉልኝ እኔ አወጣሁት አላት። እስከዚያ ድረስ አይታው በማታውቀው ፊት ነበር የሚስቀው፤ አንጀቱ ቅቤ የጠጣ ነበር የሚመስለው። ሁለት ሳህን ሩዝ በላ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ኦስማኒ ገፈፋ ላይ አልታየም። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ስልኩን ይዞ በረንዳ ላይ ሲቆም፣ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ፣ ራሚሮ ፀጉር ቤት በር ላይ ሲያንዣብብ የሰፈሩ ሰው ያየው ነበር። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት ድምፅ እየቀዳሁ ነው ይላል። ራሚሮ ከተሸነፍኩበት ጌም ላይ ክፍያ ይገባኛል እያለ ይዝታል፤ ግን ፉከራውን በገዛ ድምፁ ሊቀዳለት ተስማማ። አንዳንድ ጊዜ ማይሌኒስ ከሰገነቷ ወደ ታች ትጮህና አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፣ እሱም ይመልስላታል፣ ይጣላሉ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንደ አዲስ የሠራውን ጌም ይዞ መጣ። ማይሌኒስ የማንንም ተራ ሳትጠብቅ ራሷ ጆይስቲኩን ይዛ ተቀመጠች፤ ሰው ከጀርባዋ ተደረደረ። ጭሱ ጥጥ መሆኑ ቀርቷል። መንሸራተቱ እንዳለ ነው፤ ኦስማኒ ስህተት መሆኑን ረስቶ ወዶታል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጠላቶቹ ከቀለበቱ በስተጀርባ እየዞሩ መጡባት፣ ማይሌኒስ አንድ ስድብ ወረወረች፤ የማንንም እናት ግን አልነካችም። ራሚሮ ብቅ ብሎ ፎከረ። ከዚያ ውጊያው ሲጋጋል ሁሉም ነገር ድርግም አለ።

ሰው የለመደውን ጸጥታ ጠበቀ። በስፒከሩ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። አንድ ወንድ ጉልበቱን ከብረት ጋር አጋጨና አቃሰተ። ከሩቅ ድስት ወደቀ። ከዚያ ከጠላት ወገን፣ ከቀዩ ጓድ መንኮራኩሮች ከአንዱ፣ የደከማት ሴት ድምፅ ራዲዮውን ሰንጥቆ መጣ፤ ዞይላ ነበረች።

«እናንተም ጋ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል!» አለ ሰገነቱ በሙሉ፣ በአንድ አፍ። ማንም አላሰበበትም። መምህር ኤቬሊዮ ሳይቀሩ ነበር የመለሱት፣ ያውም አየር በሌለበት።

«እህ። እኛ ጋ ብቻ መስሎን» አለች ዞይላ ከሳተርን ማዶ፣ እፎይ ብላ።

ሳቁ ከሰገነቱ ወርዶ መንገድ ላይ ደረሰ። ራይዴል ከተቀመጠበት ባልዲ ላይ ወደ ኋላ ወደቀ፣ እንደ ልማዱ። ማይሌኒስ ዘወር አላለችም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጆይስቲኩን ይዛ መሳቋን ሳትጨርስ መብራቱ ቦግ አለ፣ ለካ ከጠላት አፈሙዝ ፊት ለፊት ተንሳፍፋ ቆማለች። ተርቧ ብትንትኗ ወጣ።

«ሌዘሩ አሁንም ጫጩት ነው» አለች፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

«አውቃለሁ» አላት ኦስማኒ።

ራይዴል ከመሬት ተነሥቶ እጁን ወደ ጆይስቲኩ ዘረጋ፣ ተራው የእሱ እንደሆነ ነገራት። ማይሌኒስ እጁን ገፋችው፣ ሄደህ ተሰለፍ አለችው፤ ከመጀመሪያው ጀመረች።